ሎሚው ላይ የተደራረበ ጭነት፦ ለታላቁ ሩጫ የተዘጋጀች ጀማሪ ሯጭ የጉልበት ሕመም

ታካሚዋ የ34 ዓመት ሴት ናት። ባንክ ውስጥ ካሸር ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውላለች። ክብደቷ 68 ኪሎ ነው፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ወዲህ ሮጣ አታውቅም። መሥሪያ ቤቷ ሠራተኞቹን ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲያስመዘግብ ቲሸርቱን ወሰደችና ሐምሌ 24 ልምምድ ጀመረች። አራተኛው ሳምንት ባለቀ ማግስት፣ ነሐሴ 22 ጠዋት፣ ከምትኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወደ ሥራ ስትወርድ ቀኝ ጉልበቷን ከፊት በኩል ጠቅ አደረጋት። ምድር ቤት እስክትደርስ እጇ ከደረጃው መደገፊያ አልተላቀቀም።

ለፊዚዮቴራፒ ምርመራ የቀረበችው መስከረም 8 ነው። ሩጫው ሊደርስ 9 ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። ይዛ የመጣችው አንድ የራጅ ፊልም፣ ግማሹ ያለቀ የዲክሎፌናክ ቅባትና አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል ይሉኛል፤ ልተወው እንዴ?»

ጉዳዩን በዝርዝር የምንጽፈው ብርቅ ስለሆነ አይደለም። ሩጫ የጀመረ ሰው ጉልበቱን ሲያመው ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይኸው የጉልበት ሎሚ ሕመም ነው፤ ሎሚ የምንለው ከጉልበት ፊት ያለችውን ክብ አጥንት ነው። በመካከሉ የተፈጸሙት ስሕተቶችም ሌላው ሰው በየቀኑ የሚደግማቸው ናቸው።

አራቱ ሳምንታት በቁጥር

ስልኳ ላይ ያለው የሩጫ መተግበሪያ ሁሉንም መዝግቦ ስለነበር ግምት አላስፈለገም። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን ሦስት ሦስት ኪሎ ሜትር፣ በድምሩ 9 ሮጣለች። በሁለተኛው 14፣ በሦስተኛው 21፣ በአራተኛው ደግሞ 27 ኪሎ ሜትር። የመጨረሻው ሳምንት እሑድ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ከእንጦጦ ቁልቁል የወረደችውን 6 ኪሎ ሜትር ይጨምራል።

እሷ በምትሮጥበት ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር 1,200 ያህል እርምጃ ይፈጃል፤ 600ው የቀኝ እግር ነው። እንግዲህ ቀኝ ጉልበቷ በመጀመሪያው ሳምንት 5,400 ጊዜ አርፎ ሲነሣ፣ በአራተኛው ሳምንት 16,200 ጊዜ ሆነ። በአንድ ወር ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ልብና ሳንባ በዚህ ፍጥነት ሊለምዱ ይችላሉ፤ ለዚህም ነው ትንፋሿ እየተሻላት፣ «እየበረታሁ ነው» እያለች የቀጠለችው። ጅማት፣ አጥንትና መገጣጠሚያ ግን ከትንፋሽ በኋላ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት።

እስከዚህ ድረስ የተለመደ የጀማሪ ታሪክ ነው። «ከሩጫ ውጪ ጉልበትሽን የምታጥፊው የት የት ነው?» ተብላ ስትጠየቅ ግን መተግበሪያው ያልመዘገባቸው ሦስት ጭነቶች ወጡ።

አንደኛው የመስቀል አደባባይ ደረጃ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ 40 ደቂቃ እየወጡ እየወረዱ ሠርተውበታል። ሁለተኛው የራሷ ቤት ነው። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ፣ በየፎቁ 18 መርገጫ፣ በጠቅላላው 72፤ በቀን ሦስት ጊዜ ትወጣለች፣ ሦስት ጊዜ ትወርዳለች። ውሃ በጠፋበት ሳምንት ደግሞ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ወጥታዋለች። ሦስተኛው ማንም እንደ ጭነት የማይቆጥረው ነው፦ ፍልሰታ። ከነሐሴ 1 እስከ 16 በየጠዋቱ 40 ስግደት ሰግዳለች፤ በድምሩ 640 ጊዜ ጉልበቷ እስከ መጨረሻው ታጥፎ መሬት ነክቶ ተነሥቷል። ጾሙ የገባው ሩጫው በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ኪሎ ሜትሩ እያደገ ባለበት ወቅት ነው።

አንዳቸውም ለብቻቸው አያሳምሟትም ነበር። ደረጃውን ለዓመታት ወጥታዋለች፤ ፍልሰታንም በየዓመቱ ሰግዳበታለች። ችግሩ አራቱም በአንድ ወር ውስጥ አንድ ቦታ ላይ መደራረባቸው ነው።

ሎሚው ለምን?

የጉልበት ሎሚ በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለች ቦይ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። የጭን የፊት ጡንቻ ሲጎትት ሎሚውን ወደ ቦዩ ይጫነዋል። ጉልበት ባጠፈ ቁጥር፣ ጡንቻውም በጎተተ ቁጥር ጫናው ይጨምራል። በእግር ስንሄድ ይህ ጫና ከሰውነት ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነው። ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ሦስት እጥፍ፣ ስንሮጥ አምስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በ68 ኪሎ ሴት ላይ አምስት እጥፍ 340 ኪሎ ነው፤ እርሱም በእያንዳንዱ እርምጃ።

ቁልቁለት የሚከፋው የፊት ጡንቻው እየረዘመ ፍሬን ስለሚይዝ ነው። ጉልበቱ ታጥፎ እያለ ሰውነት እንዳይወድቅ የሚያግደው እርሱ ነው። ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ የሚሰማው ድብን ያለ ሕመምም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ጉልበት እንደታጠፈ ሲቆይ ጫናው ትንሽ ቢሆንም ፋታ አይኖረውም። ካሸሯ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን መዘርጋት እንደሚያምራት የተናገረችው ሳትጠየቅ ነው።

ሎሚውን ከውስጥ የሸፈነው ልስልስ አጥንት የሕመም ነርቭ የለውም። የሚጮኸው ከሥሩ ያለው አጥንት፣ በዙሪያው ያለው ስብና የመገጣጠሚያው ሽፋን ነው። ስለዚህ ሕመም መኖሩ ብቻ «ተበልቷል» አያሰኝም።

ከምርመራው በፊት የተሞከሩት

መጀመሪያ ያደረገችው ዕረፍት ነው። ከነሐሴ 22 ጀምሮ ለ10 ቀን ምንም አልሮጠችም፤ ሕመሙም ጠፋ። ጳጉሜን 2 ወጥታ በቀጥታ 6 ኪሎ ሜትር ጀመረች፣ በ12ኛው ደቂቃ ተመለሰባት። ዕረፍት የተቆጣውን ያበርዳል፤ ጉልበቱን ግን አያጠነክርም። ከ10 ቀን ዕረፍት በኋላ ጡንቻው ከበፊቱ ቢደክም እንጂ አይበረታም፤ እርሷ ደግሞ የሰጠችው ያንኑ የድሮውን ጭነት ነው። በእኛ እይታ ጀማሪዎችን ከሩጫ የሚያስወጣው ሕመሙ ሳይሆን ይህ አዙሪት ነው፦ ማረፍ፣ መሻል፣ እንዳለ መመለስ፣ መታመም። ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ሰውየው «ጉልበቴ ለሩጫ አልተፈጠረም» ብሎ ይተወዋል።

ቀጥሎ ወጌሻ ዘንድ ሄደች። «ልጄ፣ ሎሚሽ ቦታውን ለቋል» ተባለች፤ በቅቤ ታሽታ፣ ሎሚው በአውራ ጣት ተጭኖ ወደ ጎን ተገፋ። በማግስቱ ከ10 አራት የነበረው ሕመም ስድስት ደረሰ። ሎሚ እውነት ከቦታው ሲወጣ ለክርክር አይመችም። ወደ ውጪ ጎን ዞሮ በዓይን ይታያል፣ እግሩ አይዘረጋም፣ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፣ ሰውየው በእግሩ ተራምዶ አይመጣም። የጭንና የባት ጡንቻን ማሸት ዘና ያደርጋል፤ ጉዳት የለውም። የተቆጣ ሎሚን መጫንና መግፋት ግን ቁስል ላይ እንደ መጫን ነው።

ሦስተኛው የዲክሎፌናክ እንክብል ነው፤ ለአምስት ቀን ዋጠችው። ሕመሙ ጸጥ አለላት፣ በጸጥታው መካከል ሁለት ቀን ሮጠችበት። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም መድኃኒቱ ምክንያቱን አይነካም፤ «ይበቃል» የሚለውን ምልክት ግን ይደብቃል። በባዶ ሆድ ወይም ሰውነት ውሃ ባነሰው ጊዜ መውሰዱ ለጨጓራና ለኩላሊትም አደጋ አለው፤ ጾመው ለሚሮጡ ሰዎች ይህ በተለይ መነገር አለበት።

ራጁ ንጹሕ ነበር። ይህ አያስገርምም፤ ሕመሙ በራጅ የሚታይ ነገር የለውም። ጉዳት ያላት መስሏት በኤምአርአይ ለመነሣት ገንዘብ እያጠራቀመች ነበር፤ ከምርመራው በኋላ አላስፈለገም።

ምርመራው

«የሚያምሽን ቦታ በአንድ ጣት አሳይኝ» ስትባል በአንድ ጣት ማሳየት አልቻለችም። መዳፏን ሎሚው ላይ አድርጋ ዙሪያውን ከበበችው። ይህ እንቅስቃሴ ብቻውን ብዙ ይናገራል። የውጪውን ጎን፣ ከመገጣጠሚያው ከፍ ብሎ፣ በአንድ ጣት የሚያሳይ ሯጭ በአብዛኛው የጭን የጎን ጅማት መቆጣት ነው ያለበት። ከሎሚው በታች ጫፉ ላይ አንዲት ነጥብ የሚነካ፣ በተለይም ዝላይ የሚያዘወትር፣ የሎሚው ጅማት ነው የተጎዳው። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ የሚያመው፣ እግሩ መሬት ላይ ተተክሎ ጉልበቱ የተጠማዘዘበት፣ ጉልበቱ አንዳንዴ ቆልፎ አልዘረጋ የሚለው ሰው ሜኒስከሱ (በመገጣጠሚያው ውስጥ እንደ ትራስ ያለው ልስልስ አጥንት) መታየት አለበት። ቅልጥሙ ላይ አንድ የአጥንት ቦታ ሲነካ የሚያመው፣ ሌሊትም የሚያነቃው ሰው ደግሞ አጥንቱ መሰንጠቁ እስኪጣራ ድረስ መሮጥ የለበትም።

ከእነዚህ አንዱም የለባትም። እብጠት የለም። ጉልበቱ እስከ መጨረሻ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። አልቆለፈም፣ አልከዳትም። እብጠትን አክብደን የምናየው ፈሳሽ የያዘ ጉልበት ሌላ ታሪክ ስለሆነ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የኒው ዮርክ ማራቶንን ሲያቋርጥ ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽና የጅማት መቆጣት በምርመራ ታይቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ጉልበት ከዚህ በታች ባለው ዕቅድ መያዝ አይገባም፤ ሐኪም ይየው።

ቁጭ ብድግ ስታደርግ ጉልበቷ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲታጠፍ ሕመሙ ከ10 አራት ነበር። ለዚህ ሕመም ከሁሉ የሚታመነው ፈተና ይኸው ቀላሉ ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቆማ በቀኝ እግሯ ቀስ ብላ ስትወርድ ሕመሙ አምስት ሆነ፤ ጉልበቷም ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌላኛው ጉልበት ወደቀ። በአንድ እግር ከወንበር መነሣት በግራ 13፣ በቀኝ 7 ጊዜ ቻለች። በአንድ እግር ተረከዝ ማንሣት በግራ 22፣ በቀኝ 14። ጎን ተኝታ እግሯን ስታነሣና በእጅ ተቃውሞ ሲሰጣት የቀኝ ዳሌዋ የጎን ጡንቻ ቶሎ ለቀቀ።

ከዚያ ስትሮጥ ከጎን በስልክ ተቀረጸች። ተረከዟ ከሰውነቷ ርቆ ወደ ፊት ያርፋል፣ በሚያርፍበት ቅጽበትም ጉልበቷ የተዘረጋ ነው። በደቂቃ 156 እርምጃ ትወስዳለች፤ ረጃጅም፣ ከባድ እርምጃዎች ናቸው።

ጫማዋ ሰልባጅ ነው። የሶሉ ስፖንጅ በአውራ ጣት ሲጫኑት ድንጋይ ሆኗል፤ የተረከዙ የውጪ ጠርዝ ተበልቷል። እንድትቀይረው ተነግሯታል፤ ከረጅሙ ጣቷ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ያለው፣ ስትሞክረው ወዲያው የተመቻት ጫማ ይበቃል። ጥፋቱን ግን ጫማው ላይ አልጣልንም። በዚያው ጫማ አራት ሳምንት ያለ ሕመም ሮጣለች፤ የተለወጠው ጫማው ሳይሆን ጭነቱ ነው።

«ልተወው?» ለሚለው ጥያቄዋ የተሰጣት መልስ ይህ ነው፦ በ2017 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የታተመ ትንተና፣ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ለጤንነታቸው በሚሮጡ ሰዎች ላይ 3.5 በመቶ፣ ተቀማጭ ሕይወት በሚመሩት ላይ 10.2 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ከፍ ያለው፣ 13.3 በመቶ፣ በውድድር ደረጃ በሚሮጡት ላይ ነው። እርሷ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ናት።

ሕጉ፦ ሁለት፣ ስድሳ፣ ደረጃ

ከሁሉ አስቀድሞ የተሰጣት መልመጃ ሳይሆን መለኪያ ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ትቆጥረዋለች። በሩጫ ጊዜ ከ2 አይለፍ። ሩጫው ካለቀ በ60 ደቂቃ ውስጥ ከሩጫው በፊት ወደነበረበት ይመለስ። በማግስቱ ጠዋት የቤቷን የመጀመሪያ 18 ደረጃ ስትወርድ ሕመሙ ከትናንቱ ጠዋት አይብስ። ሦስቱ ከተሟሉ ጭነቱ ልክ ነው፤ ይጨመራል። አንዱ ከጎደለ በዝቷል፤ ይቀነሳል። ቁጥሩን በየጠዋቱ ማስታወሻ ደብተር ላይ ትጽፋለች። አንድ ዓይነት ደረጃ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያለ መድኃኒት።

ይህንን ከመልመጃው በላይ የምናከብርበት ምክንያት አለን። በ2018 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ይኸው ሕመም ያለባቸው 69 ሯጮች በሦስት ቡድን ተከፍለው ለ8 ሳምንት ተጠንተዋል። አንዱ ቡድን ጭነትን በምልክት መመጠን ብቻ ተማረ፤ ሁለተኛው በዚያ ላይ የማጠንከሪያ መልመጃ ተጨመረለት፤ ሦስተኛው የአሯሯጥ ማስተካከያ። ሦስቱም ተሻላቸው፤ በመካከላቸውም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። መልመጃ ትርፍ ነው ማለታችን አይደለም። ለእርሷም የሰጠናት በእግሮቿ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ስለነበር ነው። ነገር ግን መልመጃውን አጥብቆ እየሠራ ጭነቱን ያልመጠነ ሰው አይድንም።

መልመጃው

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ቀን እያረፈች፤ ቤት ውስጥ፣ 25 ደቂቃ።

ጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሣት፦ 3 ዙር፣ በየዙሩ 12። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጣቶቹን ወደ ጣሪያ አዙሮ ዳሌውን ወደ ኋላ በመጣል ነው። ያኔ የሚሠራው የጭኑ ፊት ይሆናል። ጀርባና ተረከዝ ግድግዳ ነክተው፣ ተረከዙ ግድግዳውን እያሻሸ ይውጣ፤ ያኔ ማቃጠሉ ከኪስ ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ይሰማል። ሲቀላት ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ማሰሪያ ከጉልበቷ በላይ ታስራለች።

በጀርባ ተኝቶ ዳሌ ማንሣት፦ 3 ዙር በ10፤ ከሦስተኛው ሳምንት በአንድ እግር።

ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፦ መጀመሪያ ትራስ ተደርጎበት ከፍ ባለ ወንበር፣ ሦስት ሰከንድ እየቆጠረች ወርዳ፣ ሳትወድቅ ነክታ መነሣት፤ 3 ዙር በ10። ትራሱ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወጣ፤ በአራተኛው 5 ኪሎ ዱቄት በጀርባ ቦርሳ ተጨመረ፤ በስድስተኛው 10 ኪሎ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መነሣቶች ካልከበዷት ክብደቱ አንሷል ማለት ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ መልመጃ ፍሬ የሚያጣው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዉ ለሁለት ወር ያንኑ ቀላል ነገር እየደጋገመ «አልሠራልኝም» ይላል።

ከደረጃ በአንድ እግር መውረድ፦ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ከቤቷ በር ፊት ባለው መርገጫ ላይ፣ መስታወት ወይም የስልክ ካሜራ ፊት ለፊት አድርጋ። ሎሚው ከሁለተኛው የእግር ጣት መስመር እንዳይወጣ። 3 ዙር በ8።

ተረከዝ ማንሣት፦ በአንድ እግር፣ ደረጃ ጠርዝ ላይ፣ 3 ዙር በ12።

በሥራ ቦታ በየ40 ደቂቃው አንድ ጊዜ ትቆማለች፤ ሰልፍ ካለ እንኳ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግታ የጭኗን ጡንቻ 10 ጊዜ ታጠነክራለች። ሎሚውን ወደ ውስጥ የሚስብ ፕላስተር ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ተለጥፎላታል፤ ለጊዜው ያስታግሳል፣ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም።

ስግደቱስ? የታካሚውን እምነት ሳያከብር የተሰጠ ምክር አይፈጸምም። እስኪሻላት ድረስ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ቆማ አንገቷን ዝቅ በማድረግ እንድትጸልይ ተስማማን። ሶላት ላይ መንበርከኩ ለሚያማቸው ታካሚዎችም በወንበር መስገድ በሃይማኖታቸው የታወቀ መንገድ ነው፤ ኢማማቸውን መጠየቅ ይበቃል።

እርምጃውን ማሳጠር

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በደቂቃ ከ156 ወደ 166 እርምጃ እንድትወጣ ተደረገ፤ 6 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው። ፍጥነቷ አልተጨመረም። እርምጃው ሲበዛ ያጥራል፤ ሲያጥር እግሩ ከሰውነት ሥር ያርፋል፣ ሎሚው ላይ በየእርምጃው የሚያርፈው ጫናም ይቀንሳል። ከ5 እስከ 10 በመቶ መጨመር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሄደ ሰው ባቱንና የተረከዙን ጅማት ያስቆጣል።

ለመለማመድ ስልኳ ላይ የሜትሮኖም (እኩል ምት እየመታ የሚያሰማ) መተግበሪያ 166 ላይ ተሞላ። የመጀመሪያው ቀን አሳዛኝ ነበር፤ ምቱን ለመከተል ስትል ፍጥነቷን ጨመረች፣ በአራት ደቂቃ ትንፋሿ አለቀ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንደዚሁ ነው። መፍትሔው ባለችበት ቦታ ቆማ በምቱ መርገጥ፣ ከዚያ ምቱን ሳትለቅ በጥቂቱ ወደ ፊት ማጋደል ሆነ። ለአንድ ደቂቃ በምቱ፣ ለአንድ ደቂቃ ያለ ምት። በሦስተኛው ሳምንት ሜትሮኖሙን ትታ የቀኝ እግሯን ብቻ ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ጀመረች፤ ድሮ 78 የነበረው 83 ሲሆን ልክ ነው።

ሳምንት በሳምንት

በመጀመሪያው ሳምንት ሩጫ የለም። በሜዳ መንገድ 30 ደቂቃ መራመድ፣ ደረጃውን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መውጣትና መውረድ፣ ጀሪካኑን ለሌላ ሰው መስጠት። የጠዋቱ የደረጃ ቁጥር ከ4 ወደ 2 ወረደ።

በሁለተኛው፦ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠፍጣፋ ቦታ ብቻ። በሦስተኛው፦ ሁለት ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። በአራተኛው፦ አራት ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ አምስት ጊዜ። እስከዚህ ድረስ ሕመሙ በሩጫ ላይ 0 ወይም 1 ነበር።

የአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ግን ባልደረቦቿ «ዛሬ ብቻ» ብለው ወደ እንጦጦ ወሰዷት። ሽቅቡን ተራመዱት፤ ቁልቁሉን 5 ኪሎ ሜትር ሳታቆም ወረደች። በሦስተኛው ኪሎ ሜትር ሕመሙ 3 ሆነ፣ አላቆመችም፤ ታች ስትደርስ 5 ነበር። በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ 4፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን።

ስትደውል እያለቀሰች ነበር፤ ሁሉም ከዜሮ የሚጀመር መስሏት። ይህ ስሜት መታየት አለበት፤ ታካሚ ተስፋ ቆርጦ የሚጠፋው በዚህ ቀን ነው። እብጠት እንደሌለ ተረጋገጠ። ሁለት ቀን ሩጫ ቀረ፤ መልመጃው ግን፣ ከደረጃ መውረዱ ብቻ ተቀንሶ፣ ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን የሦስተኛው ሳምንት ሩጫ ተደገመ። በስድስት ቀን ቁጥሩ ወደ 1 ተመለሰ። ጡንቻው ያገኘውን አልጣለም፤ የተቆጣው እንደገና በረደ፣ በቃ። የጠፋው አንድ ሳምንት ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ስድስት በአንድ አራት ጊዜ፣ በሰባተኛው አሥር በአንድ ሦስት ጊዜ ሮጠች። በስምንተኛው በአንዱ ቀን ሩጫና እርምጃ ቀላቅላ 7 ኪሎ ሜትር ሸፈነች፣ አጭር ሽቅብም ተጨመረ። ቁልቁል መጨረሻ ላይ ነው የሚመለሰው፤ በዚህም ሳምንት አንዲት 300 ሜትር መውረጃ በአጫጭር እርምጃ ሦስት ጊዜ ብቻ። ዘጠነኛው ሳምንት ቀላል ነበር፦ ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ።

የሩጫው ቀንና ከዚያ በኋላ

ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የታላቁ ሩጫ ርዝመት 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱም ሽቅብና ቁልቁል አለው። «ትሩጥ ወይስ ትቅር?» የሚለው የተወሰነው በቁጥር ነው፦ ያለፉት ሁለት ሳምንታት ጠዋቶች ሁሉ 0 ወይም 1፣ የ7 ኪሎ ሜትሩ ቀን ከ60 ደቂቃ በኋላ 0። ስለዚህ ትሩጥ፤ ግን 10 ደቂቃ ሩጫ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ ቁልቁሉን ያለ ፉክክር፣ ሕመሙ 4 ከደረሰ ደግሞ እስከ መጨረሻ በእርምጃ። መነሻው ላይ ያለው የሕዝብ ብዛት ማንንም ስለማያስሮጥ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በራሱ ማሟሟቂያ ሆነላት። በሰባተኛው ኪሎ ሜትር ሕመሙ 2 ደረሰ፣ ከዚያ አልጨመረም። በ1 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገባች። ያን ዕለት ማታ ደረጃው ላይ 3፣ በማግስቱ 2፣ በሦስተኛው ጠዋት 0።

በጥር ወር በድጋሚ ስትመረመር በአንድ እግር ከወንበር መነሣት በቀኝ 15፣ በግራ 17 ሆኗል፤ ተረከዝ ማንሣት 22 ለ24። ከ20 ሴንቲ ሜትር ስትወርድ ጉልበቷ ወደ ውስጥ የሚወድቀው ሲደክማት ብቻ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን 15 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። የወር መጨረሻ ላይ ሰልፍ በዝቶ ሳትነሣ ከዋለች ግን ሎሚው አሁንም 1 ይላታል። ይህንን አልደበቅናትም፤ ይህ ሕመም ብዙዎች ላይ ለወራት፣ አንዳንዶች ላይ ለዓመታት እየሄደ እየመጣ ይቆያል። ማጠንከሪያውን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ቀነሰችው፤ አልተወችውም።

በዚያው ዕለት የተነጋገርነው ስለ ሚቀጥለው ትልቅ ጭነት ነው፤ እርሱም ሩጫ አይደለም። ዐቢይ ጾም እየመጣ ነበር፣ በመጨረሻው የሰሙነ ሕማማት ስግደት። ጾሙ ከመግባቱ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ በቀን በ10 ስግደት እንድትጀምር፣ ጋቢ አጣጥፋ ከጉልበቷ ሥር እንድታነጥፍ፣ ስትወርድ ክብደቷን መጀመሪያ በእጆቿ እንድትቀበል፣ የጠዋቱ ደረጃ እስከ ፈቀደ ድረስ በየሳምንቱ 10 እንድትጨምር ተስማማን። ስግደቱ በቀን 40 ሲደርስ ሩጫው በሳምንት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በሰሙነ ሕማማት ሩጫ የለም። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት በግማሽ ይጀመራል።